ፍሬውን የበላው ማን ነው? የጓሮ ዛፍን ከአይጥ፣ ከወፍ፣ ከጦጣና ከሌሎችም መጠበቂያ መመሪያ

«ማንጎዬ ሊበስል ሁለት ሳምንት ሲቀረው ያልቃል፤ ምን ልርጭበት?» የሚለው ጥያቄ በየወቅቱ ይመጣል። አንዱ ዘይቱን ይላል፣ ሌላው ኮክ፣ ሌላው አቮካዶ፤ ጥያቄው ግን ያው ነው። መልሱ ከመርጨት አይጀምርም። መረብ ወፍን ይከለክላል፤ አይጥ ግን በጥርሱ ቀዶት ይገባል። ግንድ ላይ የሚታሰር ቆርቆሮ አይጥን ያቆማል፤ ለሌሊት ወፍ ግን ምኗም አይደለም። የፍሬ ዝንብን ደግሞ ሁለቱም አይመልሱትም። ሌባውን ሳይለዩ ገንዘብ ማውጣት «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» የሚሉት ዓይነት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ደረጃዎች ጥፋተኛውን መለያ ናቸው፤ እነሱን ዘላችሁ ወደ መከላከሉ አትሂዱ።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ለመለየት፦

- ደማቅ ቀለም ያለው ክር፣ 20 ቁራጭ
- አንድ ባልዲ የተነፋ አመድ
- የእጅ ባትሪ፤ መስታወቷን በቀይ ፌስታል ብትሸፍኑት የሌሊት እንስሳት ቶሎ አይደነብሩም
- ስለታም ቢላዋና ሚሊ ሜትር ያለው ማስመሪያ

ለመከላከል (ከደረጃ 3 በኋላ፣ የሚያስፈልጋችሁን ብቻ)፦

- አሮጌ ጋዜጣ፣ ስቴፕለር፣ ሲባጎ
- ዓይኑ ከ5 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ነጭ መረብ
- ጠፍጣፋ ቆርቆሮ ወይም ላሜራ፣ ስፋቱ 50 ሴንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ ግንዱን ዞሮ 10 ሴንቲ ሜትር የሚተርፍ
- ባለ 1 ሊትር ባዶ የውኃ ፕላስቲክ (ሃይላንድ)፣ ደረቅ እርሾና ስኳር
- የቅርንጫፍ መጋዝ፣ አካፋ፣ የእጅ ጓንት
- ጫፉ ላይ የሽቦ ቀለበትና ከረጢት የታሰረበት መልቀሚያ ዘንግ
- ጥቁር፣ ወፍራም የፕላስቲክ ከረጢት

ደረጃ 1፦ በእርግጥ እየተወሰደ መሆኑን አረጋግጡ

ማንጎና አቮካዶ ከያዙት ፍሬ አብዛኛውን ራሳቸው ይጥላሉ። ከ100 የማንጎ አበባ አንድ እንኳ ፍሬ ለመብል ሳይደርስ ሊቀር ይችላል። አተር ወይም እርግብ እንቁላል አክሎ የረገፈው ፍሬ የጥርስም የመንቁርም ምልክት ከሌለው ሌባ የለም፤ ዛፉ መሸከም የሚችለውን እየመረጠ ነው፣ ወይም ውኃ ጠምቶታል። ጥቁርና የጎደጎደ ነጠብጣብ ኖሮት የረገፈ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሻጋታ በሽታ ነው፤ የዚህ መመሪያ ጉዳይ አይደለም።

20 ፍሬ ምረጡ፤ 10 እጃችሁ ከሚደርስበት፣ 10 ከላይ። የእያንዳንዱን አንገት፣ ማለትም ከቅርንጫፉ የሚያያዝበትን፣ በክር ላላ አድርጋችሁ እሰሩ። ለአምስት ቀን ጠዋት 12 ሰዓትና ማታ 12 ሰዓት ላይ ቁጠሩ። በቀን ሁለቴ የምትቆጥሩት ጥፋተኞቹ በሰዓት ስለሚለያዩ ነው። ከማታ እስከ ጠዋት ከጎደለ አይጥ፣ የሌሊት ወፍ፣ ጥርኝ ወይም ጃርት ነው። ቀን ከጎደለ ወፍ ወይም ጦጣ። ሰው ሰዓት አይመርጥም። ከታች ያሉት ብቻ ከጠፉ የሚወስደው መሬት ላይ የሚቆም ነው፤ ሰው፣ ፍየል ወይም ጥጃ። ከላይ ያሉት ብቻ ከጠፉ የሚበር ወይም የሚወጣ ነው።

ደረጃ 2፦ ፍሬውንና መሬቱን አንብቡ

የተበላውን ፍሬ አትጣሉት፤ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አታገኙም። በጓንት አንስታችሁ በብርሃን ተመልከቱት።

ወፍ። ፍሬው ዛፉ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው፤ ፀሐይ በሚያገኘው ጎኑ እንደ ስኒ የተቦረቦረ ጉድጓድ ይታያል፤ ጠርዙ ሹል ነገር የቆረቆረው ይመስላል። ብዙ ፍሬ ትንሽ ትንሽ ተነክቷል። ቡናማ፣ ረጅም ጅራት ያላት፣ ራሷ ላይ ቁንጮ የምታቆም፣ ቅርንጫፍ ውስጥ እንደ አይጥ የምትሽሎከሎክ ትንሽ ወፍ በመንጋ ካያችሁ ፍሬውን ብቻ ሳይሆን እንቡጡንና ለጋ ቅጠሉንም ትበላለች። ሰዓቷ ማለዳና ፀሐይ ስትበርድ ነው።

አይጥ። ጎን ለጎን የተጫኑ ሁለት የፊት ጥርስ መስመሮችን ፈልጉ፤ ጥንዱ አንድ ላይ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ይሰፋል። ብርቱካን ከሆነ ክብ ቀዳዳ አበጅቶ ውስጡን ጠርጎ ይበላና ልጣጩን እንደ ባዶ ቅል ተንጠልጥሎ ይተወዋል። ሎሚ ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ ልጣጩን ይግጥና ሥጋውን ይተዋል። ልጣጩ የተላጠ፣ ራቁቱን የተንጠለጠለ ሎሚ ካያችሁ ሌላ ማስረጃ አትፈልጉ። አጥር ላይ፣ ጣራ ጠርዝ ላይ ወይም ቅርንጫፍ መጋጠሚያ ላይ ጫፍና ጫፉ የሾለ፣ ከ10 እስከ 13 ሚሊ ሜትር የሚረዝም ኩስ ይኖራል።

የሌሊት ወፍ። የበሰለውን ብቻ ነው የሚፈልገው። ፍሬው ላይ የክራንቻ ቀዳዳና የተጋጠ ሰፊ አፍ ይታያል፤ ብዙ ጊዜ ግን ፍሬውን ነቅሎ ሌላ ዛፍ ላይ ሄዶ ስለሚበላው የእናንተ ዛፍ ሥር ምንም አታገኙም። ቀረብ ያለ ትልቅ ዛፍ ሥር ሂዱ፤ ጭማቂው ተመጥጦ የተተፋ፣ የተጨመቀ የቃጫ እንክብል ተበትኖ ካገኛችሁ እሱ ነው። ነጭ ግድግዳ ላይ የተረጨ ቢጫማ ኩስም ይመሰክርበታል። ከቤታችሁ ጣራ ሥር የሚኖሩት ትናንሾቹ የሌሊት ወፎች ግን ነፍሳት በሊታ ናቸው፤ ፍሬያችሁን አይነኩም፣ አታባርሯቸው።

ጦጣና ዝንጀሮ። በቀን፣ በቡድን። ቅርንጫፍ ይሰበራል፤ ያልበሰለውም ይቀጠፋል፤ አንዴ ተነክሶ የተወረወረ ፍሬ መሬቱን ይሞላዋል። የጥርሱ ምልክት ሰፊ ነው። ሐይቅ ዳር ባሉ ከተሞች፣ ለምሳሌ በባሕር ዳርና በሐዋሳ፣ እንዲሁም ደን በሚያዋስናቸው ሰፈሮች መጀመሪያ የሚጠረጠረው ጦጣ ነው። ጉሬዛ ግን በአብዛኛው ቅጠል በሊታ ስለሆነ ከጦጣ ጋር አንድ ላይ አትፍረዱባቸው።

ጥርኝና ጃርት። ሁለቱም በሌሊት፣ በዋናነት የወደቀውን ነው የሚለቅሙት። ጥርኝ አንድ ቦታ እየተመላለሰ ስለሚጥል የፍሬ ዘር የሞላበት የኩስ ክምር ታገኛላችሁ። ጃርት ወስፌውን ይጥላል፤ የግንዱን ሥር ልጣጭም ይግጣል። ልጣጩ ዙሪያውን ከተጋጠ ዛፉ ስለሚሞት፣ ከፍሬው ይልቅ ለግንዱ ፍጠኑ፤ ከመሬት እስከ 70 ሴንቲ ሜትር ከፍታ በቆርቆሮ ወይም በጠንካራ የሽቦ መረብ ክበቡት።

የፍሬ ዝንብ። ብዙ ሰው ወፍ ነክቶብኝ ነው ብሎ የሚያስበው ይሄን ነው። መርፌ የወጋው የሚመስል ነጥብ፣ ከሥሩ የወረደ የሙጫ እንባ፣ ዙሪያው የለሰለሰ ልጣጭ። ፍሬው ያለ ጊዜው ይወድቃል። በቢላዋ ክፈቱት፤ ነጫጭ፣ እግር የሌላቸው ትሎች ካሉ፣ ሲነኩም እየተኮረመቱ የሚዘሉ ከሆነ ጥርጥር የለውም። አሁን ብዙ ጉዳት የሚያደርሰው ከእስያ የመጣው ዝንብ አፍሪካ ውስጥ በ2003 እ.ኤ.አ. ኬንያ ላይ ከታየ ወዲህ የተስፋፋ ነው፤ ከሁሉ በላይ ማንጎና ዘይቱን ይወዳል።

ሰው። ምንም ቅሪት የለም። ልጣጭ የለም፣ ዘር የለም፣ ግማሽ ፍሬ የለም። አንገቱ በንጹሕ ተቀንጥሷል፤ ዝቅተኛው ቅርንጫፍ ወደ ታች ተሰንጥቋል፤ ዛፉ ሥር ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ድንጋይና ዱላ አለ።

ጉንዳን፣ ንብና ተርብ ጉድጓዱ ውስጥ ብታገኙ አትፍረዱባቸው። ሌላው የከፈተውን ነው የሚበሉት።

ደረጃ 3፦ በአመድ አረጋግጡ

አመሻሹ ላይ ከግንዱ ዙሪያ 1 ሜትር የሚሰፋ ቀለበት ጠርጋችሁ የተነፋ አመድ በስሱ፣ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር፣ ነስንሱ። ማለዳ ሰውም ዶሮም ሳይረግጠው እዩት። የአይጥ ዱካ ትንሽ ሆኖ አንዳንዴ መካከሉ የጅራት መስመር አለው። የጥርኝ የውሻ ይመስላል፤ ግን አንዳንዴ አምስተኛ ጣት ይታያል፣ የውሻ አራት ነው። የጦጣ እጅ የሕፃን መዳፍ ይመስላል። አመዱ ሳይነካ ፍሬ ከጎደለ የመጣው በአየር ነው፣ ወይም ከጣራና ከአጥር በቅርንጫፍ ተሻግሮ ነው። ቢያንስ ሦስት ሌሊት ድገሙት፤ የአንድ ሌሊት ዱካ መንገደኛ ድመት ሊሆን ይችላል። ዝናብ ባለበት ሌሊት አትድከሙ።

ማስጠንቀቂያ፣ እጃችሁን ከማስገባታችሁ በፊት

- መርዝ ዛፍ ላይም ዛፍ ሥርም አታድርጉ። መርዝ የበላችውን አይጥ ድመት፣ ጉጉትና ጭልፊት ይበሏታል፤ ልጆችም ፍሬውን ያነሣሉ።
- ሽቦ ላይ ኤሌክትሪክ አትልቀቁ። ሰው ይገድላል።
- በአዋጅ ቁጥር 541/1999 መሠረት የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ ማደን ክልክል ነው። ጦጣ ወይም ዝንጀሮ ካስቸገረ ወደ ወረዳው የግብርና ወይም የዱር እንስሳት ጽሕፈት ቤት ሂዱ።
- የሌሊት ወፍን፣ ጦጣን ወይም የታመመ የሚመስል እንስሳን በባዶ እጅ አትንኩ። ከነከሳችሁ ወይም ከቧጠጣችሁ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ እጠቡና በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለም ለማለት ይቻላል፤ ክትባቱ የሚያድነው ቀድሞ ሲወሰድ ነው።
- የተነካውን ፍሬ ቆርጣችሁ ቀሪውን አትብሉ። የእንስሳው ምራቅና ሽንት በሽታ ያስተላልፋል።

ደረጃ 4፦ በጊዜ ልቀሙ

ለወፍ፣ ለሌሊት ወፍና ለጥርኝ ከሁሉም ርካሹ መፍትሔ ይሄ ነው። እነሱ የሚመጡት ፍሬው ሲሸትና ሲለሰልስ ነው። ብዙዎቹ ፍሬዎች ደግሞ ጠንክረው ሳሉ ተለቅመው ቤት ውስጥ ይበስላሉ። ቁም ነገሩ «የደረሰ» እና «የበሰለ» የተለያዩ መሆናቸው ነው፤ የደረሰ ፍሬ አድጎ ጨርሷል፣ ለመለስለስ ዛፉን አይፈልግም። ያልደረሰውን ከቀጠፋችሁት ግን ይጨማደዳል እንጂ አይጣፍጥም።

*ማንጎ፦* ትከሻው ሞልቶ አንገቱ ከተያያዘበት ቦታ ከፍ ሲል ደርሷል። አንዱን ክፈቱ፤ በዘሩ ዙሪያ ያለው ሥጋ ነጭነቱን ትቶ ቢጫ መሆን ከጀመረ የእኩዮቹ ጊዜ ነው። ሲለቀም 5 ሴንቲ ሜትር ያህል አንገት ተዉለት፤ በኋላ ወደ 1 ሴንቲ ሜትር አሳጥራችሁ ለአንድ ሰዓት ያህል ተዘቅዝቆ ሙጫው ይንጠፍጠፍ። ሙጫው ልጣጩን ያቃጥላል፣ የሰው ቆዳም ላይ ሽፍታ ያወጣል። ከዚያ ካርቶን ውስጥ በደረቅ ገለባ አስተኙት፤ የበሰለ ሙዝ አብሮት ቢገባ ይፈጥናል። ሞቃት አገር በሳምንት ይደርሳል፣ ደጋ ላይ ይዘገያል። ሳይበስል ፍሪጅ ከገባ ውስጡ ይጠቁራል።

*አቮካዶ፦* ዛፍ ላይ አይለሰልስም፤ ስለዚህ «ለስልሶ ልልቀመው» ብሎ መጠበቅ ለጦጣና ለአይጥ መቆጠብ ነው። ሁለት ቀጥፋችሁ ቤት አስቀምጡ፤ ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ሳይጨማደዱ ከለሰለሱ ዛፉ ደርሷል።

*ፓፓያ፦* ጫፉ ላይ የመጀመሪያዋ ቢጫ ሰንበር ስትታይ። ነጩ ወተት ቆዳ ስለሚልጥ ጓንት አድርጉ። *ሙዝ፦* የጣቶቹ ማዕዘን ሲጠፋና ክብ ሲሆኑ ዘለላውን ሙሉ ቁረጡ። *ኮክ፦* መደቡ ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ ሲቀየር፣ ገና ጠንካራ ሳለ።

ብርቱካን፣ መንደሪን፣ ወይንና ሮማን ግን ከተቀጠፉ በኋላ አይጣፍጡም። የእነሱ ባለቤት ከሆናችሁ ይህ ደረጃ አይጠቅማችሁም፤ መሸፈን ግድ ነው።

ደረጃ 5፦ ፍሬውን አንድ በአንድ አልብሱት

ለወፍና ለፍሬ ዝንብ እጅግ ጥሩ፣ ለሌሊት ወፍ መካከለኛ፣ ለአይጥና ለጦጣ ከንቱ ነው። ዝንቧ እንቁላሏን የምትጥለው ልጣጩን ወግታ ስለሆነ፣ ልጣጩን ካላገኘችው ነገሩ አለቀ። ሥራው አድካሚ ይመስላል እንጂ ሁለት ሰው በአንድ ጠዋት ትንሽ ዛፍ ይጨርሳል።

1. የጋዜጣ ወረቀት ሁለት አንሶላ ደርቡ። ለማንጎ 20 በ30፣ ለዘይቱንና ለኮክ 12 በ18 ሴንቲ ሜትር ከረጢት አጥፉ፤ ጎንና ሥሩን በስቴፕለር ወይም በዱቄት ሙጫ ዝጉ።
2. የታችኛውን ሁለት ማዕዘን 1 ሴንቲ ሜትር ቁረጡ። የገባ ውኃ መውጫ ካጣ ፍሬው ይበሰብሳል።
3. መጀመሪያ ዘለላውን አሳሱ፤ የተነካውን፣ የተጣመመውንና የተላከከውን ቀንጥሱ። የተነካ ፍሬ ከለበሰ ትሉን እየቀለባችሁ ነው።
4. ማንጎን እንቁላል ሲያክል፣ ዘይቱንን ሎሚ ሲያክል፣ ኮክን ከመልቀሚያው አንድ ወር ያህል ቀድማችሁ አልብሱ። ቅጠሉና ፍሬው ደረቅ በሆነበት ሰዓት ይሁን።
5. ከረጢቱን በእጃችሁ ንፉት፤ ፍሬው መካከል ይንጠልጠል፣ ወረቀቱን አይንካ። አፉን በአንገቱ ዙሪያ ሰብስባችሁ በሲባጎ እሰሩ። እርሳስ የምታስገባ ክፍተት እንኳ ለዝንብ በር ናት።
6. ከኃይለኛ ዝናብ በኋላ ዞር ዞር ብላችሁ የተቀደደውን ለውጡ። ክረምት ላይ በሚያፈራ ዛፍ ላይ በጋዜጣ ፋንታ ስስ ነጭ ጨርቅ ይሻላል።

ፌስታል አትጠቀሙ። ሙቀትና ላብ ይይዛል፤ ፍሬው እንደ ተቀቀለ ይሆናል።

ደረጃ 6፦ መረብ፣ ለወፍና ለሌሊት ወፍ

ከዛፉ ቁመት 50 ሴንቲ ሜትር የሚበልጡ አራት እንጨቶች ትከሉ፤ ጫፋቸው ላይ ባዶ ሃይላንድ ስትደፉበት መረቡ አይቀደድም። መረቡን ከላይ ጣሉና እስከ መሬት አውርዳችሁ ዙሪያውን በድንጋይ ያዙት። ከቅርንጫፉ ጋር ከተጣበቀ ወፏ ከውጭ ቆማ በቀዳዳው ትበላለች፤ እንጨቱ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

መረብ ስትገዙ ትንሿን ጣታችሁን ቀዳዳው ውስጥ ክተቱ። ከገባች አትግዙት። እንደ ዓሣ ማጥመጃ ክር የቀጠነ፣ ዓይኑ ሰፊ መረብ ወፍና የሌሊት ወፍ ይጠልፋል፤ የተጠለፈን እንስሳ መፍታት ደግሞ ከመነከስ ጋር ነው። ነጭ ቀለም በሌሊት ስለሚታይ ይመረጣል። ወባ ባለበት አካባቢ ቤተሰብ የሚተኛበትን አጎበር ለዛፍ አታውሱ፤ በፀረ ነፍሳት ኬሚካል የተነከረ ስለሆነም ከፍሬ ጋር መነካካት የለበትም። በየቀኑ ጠዋት ዙሩትና እዩ፤ ልቅምት እንዳለቀ አንሡት።

ደረጃ 7፦ ለአይጥ መንገዱን ቁረጡ

ጣራና ዛፍ ላይ የሚኖር አይጥ አንድ ሜትር ከፍታ ይዘላል፤ ከጣራ ወደ ቅርንጫፍም ከአንድ ሜትር በላይ ይወረወራል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ መግረዝ ነው፣ ከዚያ ቆርቆሮ። የተገላቢጦሽ ከሠራችሁ በግንዱ መውጣት ያቃተው በጣራ ይገባል።

መጀመሪያ ከጣራ፣ ከአጥር፣ ከልብስ ማድረቂያ ገመድና ከሌላ ዛፍ 1.5 ሜትር እስኪርቅ ቅርንጫፉን ግረዙ፤ ወደ መሬት የወረዱትንም ከ1 ሜትር በላይ አንሡ። የኤሌክትሪክ ሽቦ አጠገብ ያለውን ራሳችሁ አትቁረጡ፤ መብራት ኃይልን ጥሩ። ከዚያ ቆርቆሮውን የታችኛው ጠርዙ ከመሬት 70 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ግንዱ ላይ ጠቅልሉት፣ 10 ሴንቲ ሜትር ይደራረብ፣ ላይና ታች በሽቦ እሰሩት። ሚስማር ግንድ ላይ አትምቱ፤ ቁስሉ የበሽታ በር ነው። ግንድ ስለሚወፍር በየሦስት ወሩ ሽቦውን አላሉ። ከመሬት ጀምሮ ብዙ ግንድ ባለው ቁጥቋጦ ዓይነት ዛፍ ላይ ይህ አይሠራም፤ ወጥመድ ብቻ ነው ያለው።

ወጥመድ ስትጠቀሙ፣ አይጥ አዲስ ዕቃ ይፈራል። ወጥመዱን ሳታጠምዱ የለውዝ ቅቤ ቀብታችሁ ሁለት ሦስት ሌሊት ብሉ በሉት፤ ከለመደ በኋላ አጥምዱት። 6 ሴንቲ ሜትር ቀዳዳ ያለው ሣጥን ውስጥ አስገብታችሁ አጥር ላይ ወይም ቅርንጫፍ መጋጠሚያ ላይ እሰሩት፤ ያኔ ወፍ፣ ድመትና የሕፃን ጣት አይያዝም።

ደረጃ 8፦ የፍሬ ዝንብን ከመሬት ጀምራችሁ ጨርሱ

ትሉ ወድቆ ከበሰበሰው ፍሬ ወጥቶ ጥቂት ሴንቲ ሜትር አፈር ውስጥ ይገባል፤ ሁለት ሳምንት ገደማ ቆይቶ ዝንብ ሆኖ ይወጣል። ዛፍ ሥር የተተወ አንድ ማንጎ የሚቀጥለውን ዙር ይፈለፍላል።

የወደቀውን በሳምንት ቢያንስ ሁለቴ ልቀሙ። ወይ ከ50 ሴንቲ ሜትር በላይ ቆፍራችሁ ቅበሩት፣ ወይ ጥቁር ከረጢት ውስጥ አስራችሁ ሁለት ሳምንት ፀሐይ ላይ ተዉት። ኮምፖስት ክምር ላይ መጣል ማዛወር እንጂ ማጥፋት አይደለም። ዛፉ ሥር ዶሮ መልቀቅ ይረዳል፤ ትሉን ጭረው ያወጡታል።

ማጥመጃ፦ ሃይላንዱ ላይ ከላይኛው ሲሶ፣ ዙሪያውን አራት ቀዳዳ ብሱ፤ እያንዳንዱ ከ6 እስከ 8 ሚሊ ሜትር። በግማሽ ሊትር ለብ ያለ ውኃ 1 የሾርባ ማንኪያ እርሾና 3 የሾርባ ማንኪያ ስኳር በጥብጣችሁ ለሁለት ማጥመጃ አካፍሉ። ጥላ ባለው የዛፉ ክፍል 1.5 ሜትር ከፍታ ላይ ስቀሉ፤ በየሳምንቱ ቀይሩት። ሽታው የሚጠራት እንቁላል ለመሥራት ፕሮቲን የምትፈልገውን ሴቷን ስለሆነ ይጠቅማል። በእርሻ መድኃኒት መደብር የሚሸጠው ሜቲል ዩጂኖል የተባለ የዝንብ ማባበያ ግን የሚስበው ወንዱን ነው፤ ማጥመጃው ሞልቶ ብታዩት ፍሬያችሁ ተረፈ ማለት አይደለም። ማጥመጃ ብቻውን አይበቃም፤ ለቀማውና ማልበሱ ናቸው ዋናዎቹ። ጎረቤት ካልለቀመ ዝንቡ አጥር አያግደውምና፣ እማማንም ጋሼንም አስተባብሯቸው።

ደረጃ 9፦ ጦጣ

እውነቱን ለመናገር፣ የለመደ ጦጣን ሙሉ በሙሉ የሚያቆም ርካሽ ነገር የለም። መቀነስ ግን ይቻላል።

ማንም ሰው ምግብ እንዳይሰጣቸው አድርጉ፤ እንግዳም ቢሆን። ቆሻሻችሁ ክዳን ይኑረው። ዛፉን ከአጥርና ከጣራ በመግረዝ ለዩት፤ መሬት ወርደው ሜዳ ማቋረጥ አይወዱም። የተከተበና የተፈታ ውሻ ይረዳል፤ የታሰረውን ግን የሰንሰለቱን ርዝመት በሁለት ቀን ይለዩታል። ፍሬው ሲደርስ በአንድ ቀን ሙሉውን ልቀሙ። ስታባርሩ መውጫ ተዉላቸው፤ ጥግ የያዘ ወንድ ጦጣ በክራንቻው አደገኛ ጉዳት ያደርሳል። ልጅ ብቻውን ለጥበቃ አይላክ።

ደረጃ 10፦ ሰው

መንገድ ላይ የተንጠለጠለውን ቅርንጫፍ ቀድማችሁ ልቀሙ ወይም ግረዙ። የሰፈር ልጆች ከሆኑ አንድ ቅርጫት ቀድሞ መላክ ከጠርሙስ ስብርባሪ አጥር ይሻላል፤ ድንጋይ የሚወረውር ልጅ ፍሬውን ብቻ ሳይሆን ቅርንጫፉንም የቤቱንም መስኮት ይመታል።

ተደጋጋሚ ስህተቶች

- *በርበሬ መርጨት ለወፍ።* ወፍ የበርበሬን ማቃጠል አይሰማውም። ሚጥሚጣው የሚያቃጥለው ለቃሚውን ነው።
- *ማስፈራሪያን ወቅቱን ሙሉ መትከል።* ሲዲ፣ የፕላስቲክ እባብ፣ ኮት የለበሰ እንጨት፤ ሁሉም ለጥቂት ቀናት ብቻ ይሠራሉ። ከልቅምት በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት አውጧቸው፣ በየሁለት ቀኑ ቦታ ቀይሩ።
- *ዘግይቶ መሸፈን።* ዝንቧ ከወጋች በኋላ የለበሰ ከረጢት ውስጥ ትሉ በሰላም ያድጋል።
- *ዛፉን ከፍ ብሎ እንዲያድግ መተው።* 8 ሜትር የደረሰ ማንጎ አይለብስም፣ አይሸፈንም፣ በጊዜም አይለቀምም። ከልቅምት በኋላ በየዓመቱ እየገረዛችሁ ከ3 እስከ 4 ሜትር ያዙት። የገዘፈውን በአንድ ጊዜ አትጨፍጭፉት፤ በየዓመቱ ከሲሶው ያልበለጠ ቁረጡ፤ ለብቻው ፀሐይ ላይ የተጋለጠውን ግንድ በውኃ የቀጠነ ነጭ ኖራ ቀቡት፤ አለዚያ ልጣጩ በፀሐይ ይቃጠላል።